የእኔም ሚስት ብትሆን

እና ዛሬ ደግሞ እጅ መጠምዘዝ ነው፣ ሦስተኛው ትምህርት፣ መርሳ ከተማ፣ አሥራ አራት ሚሊሻና የጥበቃ ሠራተኛ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ይጠብቀኛል፣ እኔን፣ አሰልጣኙን፣ ዓሪፍን፣ ሴት ልጄን ከቀበርኩ ዘጠኝ ቀኔ ነው፣ ኃላፊው ጦርነት ላይ ነን ወንድሜ፣ ለሐዘን ፈቃድ የለም አለኝ፣ ይሁን፣ ይኸው ቆሜያለሁ።

ናጅዋ። የስምንት ወር ልጅ።

መጽሐፍ የለንም፣ ትምህርቱን በደብተር የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ ወልድያ ፖሊስ ሆኜ ካየሁት፣ የቀረውን ከራሴ፣ አንቀልባ ሳይፈታ አይለፍ ብዬ የጻፍኩትም እኔ፣ ግራና ከተማ ኬላ ላይ አንዲት ሴት በአንቀልባ ሽጉጥ አሳለፈች ሲባል ሰምቼ፣ ልጄ ታማለች ካለቻችሁ ይበልጥ ጠርጥሩ አልኩ፣ የእኔም ሚስት ብትሆን አልኩ፣ ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ።

ቶይባ የእኛ ኬላ ላይ ተማሪዬን ማሩን የዓሪፍ ሚስት ነኝ ብላዋለች፣ ልጄን ትንፋሽ አጠራት፣ በአላህ፣ ወልድያ ሆስፒታል ላድርሳት፣ ማሩም እሳቸው ራሳቸው ናቸው ያሉን እህቴ፣ ተራሽን ጠብቂ፣ ባጃጇ አርባ ደቂቃ ቆመች፣ ከዚያ አንቀልባው ተፈታ፣ ሽጉጥ የለም፣ ትንፋሽም የለም።

ማሩ ክፉ ሰው አይደለም፣ ጤፉን ማሳ ላይ ትቶ የመጣ ገበሬ ነው፣ ያልኩትን አደረገ፣ ከሁላችሁ የገባው እሱ ነው ብዬ አስጨብጭቤለት ነበር፣ ለቅሶው ቀን ከዳሱ ውጭ ቆሞ ዋለ፣ ግባ ያለው የለም፣ እኔም አላልኩም።

ማነው የሚወጣልኝ እላለሁ፣ ማሩ ይወጣል፣ አያየኝም፣ ቀኝ እጁን ይሰጠኛል፣ ማሩ፣ ነገ በግራህ ልትበላ ነው ይላል አንዱ ከኋላ፣ ይሳቃል፣ አንጓውን ይዤ ወደ ጀርባው አጥፈዋለሁ፣ ሲያምህ ጭንህን ሁለቴ ምታ፣ ወዲያው እለቅሃለሁ፣ ለሁሉም የምለውን ነው የምለው፣ ድምፄ የእኔ አይመስልም፣ ትንሽ ጨመር፣ ላቡ እጄ ላይ ይንጠባጠባል፣ ትንሽ ጨመር፣ ከዚህ በኋላ አጥንት ነው፣ አውቀዋለሁ፣ እሱም ያውቃል፣ ምታ እላለሁ፣ አይመታም፣ ሳቁ ቆሟል፣ ለምን አልለቀውም፣ ጣቶቼ እምቢ አሉኝ፣ ምታ ማሩ፣ ምታ እንጂ፣ ነፃ እጁን ከጭኑ ላይ አንስቶ ኪሱ ውስጥ ይከታል