የገለዓድ ግድግዳ

ጥፋቱ የኔ ነው። ሌላ ሰው ላይ ላላክክ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

በአሜሪካ ደቡብ ባለችው ከተማችን፣ በፍርድ ቤቱ አደባባይ ዙሪያ ያሉት ትልልቅ ቤቶች ሁሉ በራቸው ላይ ቅርስ መሆናቸውን የሚናገር የነሐስ ሰሌዳ አላቸው። የዳኛው ቤት አለው፣ የጥጥ ነጋዴው ቤት አለው፣ የነጮቹም ሁለት አብያተ ክርስቲያናት አላቸው። በየሚያዝያው ጎብኚ ይጎርፍላቸዋል። የኛ ገለዓድ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ናት። ከባርነት የወጡ አያቶቻችን እንጨቱን ራሳቸው ሰንጥቀው የሠሯት ቤተ ክርስቲያን ብትሆንም ሰሌዳ የላትም። ዘንድሮ ደግሞ የአውራጃው አስተዳደር አርጅታለችና ትፍረስ ብሎ ቆረጠ። የቀረነው ስድስት ምእመናን ነን፤ ማን ይሰማናል? ቅርስ ተብላ ከተመዘገበች ግን የሚነካት የለም። ተስፋችን ይኸው ብቻ ነበር።

ከሁላችንም በላይ የጓጓችው እህት ቨርሊን ናት። ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው። ባሏንም ሁለት ልጆቿንም ለቀብር የሸኘችው ከገለዓድ በር ነው። "እኔም በዚያው ነው የምወጣው" ትላለች። "በሌላ በር ብታወጡኝ ከሳጥኑ ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ።"

የቅርስ ኮሚቴዋ ሴትዮ ሚስ ፕሩዊት በመጋቢት መጣች። ግድግዳውን በጣቷ ቆርቆር አደረገችና፣ "ይሄ እኮ ፕላስቲክ ነው" አለች። "የጥንቱ እንጨት ካልታየ አይመዘገብም።"

እህት ቨርሊን ዘወር ብላ አየችኝ። ፕላስቲኩን የመታሁት እኔ ነኛ። አርባ አምስት ዓመት አልፎታል። የነጮቹ ቤተ ክርስቲያን ነጭ ሆኖ ሲያበራ፣ የኛ ቀለሙ ተላልጦ ሳየው አንገቴን እደፋ ነበር። ምእመኑን ለምኜ፣ ተጨቃጭቄ፣ በየቅዳሜው መዶሻ ይዤ ጣውላ የሚመስል ነጭ ፕላስቲክ በእንጨቱ ላይ አለበስኳት። ስጨርስ እንደ ሙሽራ አጨበጨቡላት። እኔም ደረቴን ነፍቼ ዞርኩ፣ ደደብ።

"ምን ያስጨንቅሻል?" አልኳት። "የለበሰ ይወልቃል።"

"በሰባ ሰባት ዓመትህ መሰላል ልትወጣ? ወንድም ሉሺየስ፣ የገለዓድንና ያንተን ቀብር ባንድ ላይ አልችልም።"

"አንቺ መሰላሉን ያዢ። ምላስሽንም ያዢ።"

ሰኞ ጠዋት ጀመርን። የመጀመሪያውን ፕላስቲክ ስነቅል የአያቴን የመጋዝ ምልክት አያለሁ ብዬ ቸኩዬ ነበር። የጠቆረ ነገር ብቅ አለ። ሽታው የረጠበ ምድር ቤት ሽታ ነው። እህት ቨርሊን ጣቷን ብትጭንበት እስከ አንጓዋ ሰመጠ። እኔ ግን አላመንኩም፤ በሰሜኑም በደቡቡም ገለጥኩ፣ መስኮቱም ሥር ገለጥኩ። ሁሉም ያው ነው። ያኔውኑ ዶማ ይዤ ባፈርሳት ይሻል ነበር።

ሐሙስ ሚስ ፕሩዊት ተመልሳ መጣች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ በሆነችና በሰደብኳት። ቆማ አየችና ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"አይመዘገብም" አለች። "ፕላስቲኩ እርጥበቱን አፍኖት ነው። ቀለሙ እንደተላላጠ ብትተዉት ኖሮ ንፋስ እያገኘ ገና ብዙ ይቆይ ነበር። ግን ለቤተ ክርስቲያኗ ብላችሁ ነው ያደረጋችሁት።"

ልታጽናናን መሆኑ ነው። መኪናዋ እስኪርቅ ቀና ማለት አቃተኝ።

"ስደቢኝ እስቲ" አልኳት እህት ቨርሊንን። "በእግዜር ስደቢኝ።"

"መልሰህ አልብሳት" አለችኝ።

"ምን?"

"የሚያፈርሷት ሲመጡ ራቁቷን አይዩአት።"

ከታች ጀመርኩ። አንዱን ፕላስቲክ እሷ በሁለት እጇ ግድግዳው ላይ ደግፋ ያዘችልኝ። ምስማሩን አንዴ ብመታው ገባ፤ መዶሻዬን ሳነሳ ተመልሶ ወደቀ። ትንሽ ፈቀቅ አድርጌ መታሁ፤ ያም ወደቀ። ረጅሙንም ሞከርኩ፣ ወፍራሙንም ሞከርኩ። የሚይዘው እንጨት የለም።

"ሌላ ቦታ ሞክር" አለች። ፕላስቲኩን አልለቀቀችም። ሌላ ቦታ ሞከርኩ።