ከወተት ጋር የተዋጠው

በሰባ ሰባት ዓመተ ምህረት፣ ሐይቅ ዳር በተተከለው የረሃብተኞች መጠለያ፣ ስህን የምትባል ጤና ረዳት ሦስት ድንኳን ደርሷት ነበር። ከትምህርት ከወጣች ገና ስድስት ወሯ ነው። ከአምባሰል የወረደው ሕዝብ ረሃቡ ሳያንሰው ግርሻ ገብቶበታል፤ በቅማል የሚተላለፍ፣ ለቀቀ ሲሉት ተመልሶ የሚያነድ ትኩሳት። መድኃኒቱ ቴትራሳይክሊን ነው፤ ሁለት ፍሬ አንዴ መዋጥ ይበቃል።

በባዶ ሆዳቸው የዋጡት እያስመለሳቸው ስትቸገር፣ ስህን አዝና ከዕርዳታው ዱቄት ወተት እየበጠበጠች በጣሳ ታስከትልላቸው ጀመር። ማስመለሱ ቆመ። ትኩሳቱ ግን አልለቀቀም። ከዋናው ነርስ ከአቶ ውበቱ ድንኳኖች ሰው እየዳነ ሲወጣ፣ የሷ በሽተኞች ተመልሰው ይንቀጠቀጣሉ። በዚያ ሳምንት ከሞቱባት አንዷ አሚናት ነበረች። ባሏ ኑርዬ፣ የውጫሌ ገበሬ፣ እዚያው ጎኗ ተኝቶ ያቃስት ነበር።

አንድ ጠዋት አቶ ውበቱ መጥቶ ጣሳውን አየ። ወደ ውጭ ጠራትና በደከመ ድምፅ አስረዳት፤ ወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም መድኃኒቱን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል፣ አብዛኛው ከሰገራ ጋር ይወጣል።

«የሚያድነው የተዋጠው አይደለም፤ ደም ውስጥ የገባው ነው» አላት። ቀድሞ ዞሮ ሊያይላት ይገባ እንደነበር፣ ጉልበት አጥቶ እንደቀረም ነገራት።

«አሚናትን የገደልኳት እኔ ነኝ፣ ጋሽ ውበቱ?»

«ረሃቡም ይሁን ግርሻው፣ ወተቱም ይሁን፣ አላውቅም። ውሃ ቀድተሽ ነይ።»

ለኑርዬ መድኃኒቱን በውሃ ሰጠችው። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ብርዱ አንዘፈዘፈው፤ ትኩሳቱም ከፊተኛው ባሰ። ስህን ያበቃለት መስሏት ነበር። ውበቱ ግን ተሕዋሲያኑ በአንዴ ሲሞቱ የሚመጣ መሆኑን ነግሯት፣ ከጎኑ አስቀመጣት። ከሰዓት በኋላ ላብ አሰመጠውና ተኛ።

በማግስቱ ለኑርዬ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማት።

«ልጄ፣ ላማችን ከሞተች ወዲህ አሚናት ወተት በአፏ አልዞረም» አለ። «ስትጠጣ አይቻታለሁ። ደስ ብሏት ነበር። እሱን ሐራም አታድርጊብኝ።»

ከዚያ ወዲያ በየድንኳኑ ሁለት ሁለት ጊዜ ትዞር ጀመር፤ መጀመሪያ በመድኃኒቱና በውሃው፣ ሁለት ሰዓት ቆይታ ደግሞ በወተቱ። እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ አላት። የሷም በሽተኞች መነሳት ጀመሩ፤ ሁሉም ግን አልተነሱም።

ኑርዬ በሰኔ ዘር ተሰጥቶት ወደ አገሩ ወጣ። ሲሰናበታት ሁለት እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገላት። ስህን ቆማ አሚን አለች፤ ከዚያ እመሬቱ ላይ ቁጭ አለችና እስኪርቅ አየችው።