መስኮት ላይ ያየሁት ብርድ ልብሴ

እኔ ክሬስተን በወደባችን ውሸታም ተብዬ ነው የምታወቀው። አንድ ዓሣ ጀልባችንን ከዴንማርክ ስዊድን ድረስ ጎትቶ መልሶ አመጣን ስል ሁሉም ይስቃል። ይሳቁ። ይሄኛውን ግን ሚስቴ ዳግኒ ራሷ ትመሰክራለች።

በየካቲት ዳግኒን የማሕፀን እጢ ደም በደም አድርጎ ስላሰቃያት ሐኪሞቹ ማሕፀኗን በቀዶ ሕክምና አወጡላት። «ስድስት ሳምንት ግንኙነት የለም፤ ከዚያ ትታይ» አሉን። ስድስቱ ሲሞላ ታይታ መጣችና «ድነሻል አሉኝ» አለች። «እሰይ!» ብዬ ወደ ጀልባ ሞተሬ ተመለስኩ። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ሳምንት ሞላ።

እንደ ጎረቤቱ ሁሉ አንድ አልጋ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ነው ያለን። እሷ በእሷ፣ እኔ በእኔ ተጠቅልለን ሁለት ቋሊማ መስለን እናድራለን። በደህናው ጊዜ ወደ እሷ ብርድ ልብስ መሻገር ምንም አልነበረም።

ከዚያ ነገሩ ይሸተኝ ጀመር። ዳግኒ ስልክ እያወራች ከገባሁ ዝም ትላለች። ማክሰኞ አልጋው ላይ ሜትር ተዘርግቶ አገኘሁ። ሰው አልጋ የሚለካው ወይ ሊሸጠው ነው፣ ወይ ሌላ ሰው ይበቃው እንደሆነ ሊያይ። ሐሙስ ደግሞ መታጠቢያ ቤት፣ ፎጣ ሥር የተደበቀ ቅባት አገኘሁ። የእጅ መስሎኝ ተቀባሁት፤ ቀኑን ሙሉ መፍቻው እየሾለከ እግሬ ላይ ሲወድቅ ዋለ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በአሮጌ ዕቃ መሸጫው በር ሳልፍ ብርድ ልብሴን መስኮቱ ላይ አየሁት። በፒፓዬ ያቃጠልኳት ቀዳዳ፣ ዳግኒ በቀይ ጨርቅ የጣፈቻት፣ ቁጭ ብላለች። ሴት ባሏን ስታባርር ከየት እንደምትጀምር ያኔ ገባኝ።

«ጠዋት ዳግኒ ናት ያመጣችው» አለችኝ ሻጯ ኢንገርሊሴ። «እየሳቀች።»

«ብቻዋን?»

«ከማን ጋር ልትመጣ ኖሯል? ከዓሣህ ጋር?»

ቤት ገብቼ ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ «ማነው?» አልኩ።

«ማን?»

«አልጋው የተለካለት!»

ዳግኒ ፊቷ ቀላ። «ጭራሽ አንተ ጠያቂ! ድኛለሁ ካልኩህ አምስት ሳምንት ሙሉ ጀርባህን እየሰጠኸኝ? ማሕፀን የሌላት ምን ታደርግልኛለች ብለህ ሌላ የያዝክ መስሎኝ ኪስህን ስበረብር ነው የከረምኩት። ያገኘሁት ቡሎን ብቻ!»

ወገቤን አሞኝ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ውሸቱ አልወጣ አለኝ።

«ፈርቼ ነው» አልኳት። «እኔ ሞተር ፈትቼ ስገጥም ሁልጊዜ አንድ ቡሎን ይተርፈኛል። ሐኪሞቹም የረሱት ነገር ቢኖርስ? ብነካሽና ስፌቱ ቢፈታስ?»

«ይሄ እውነት ነው ወይስ እንደ ዓሣው ነው?»

«እውነት ነው።»

እጄን ይዛ ወደ መኝታ ቤት ወሰደችኝ። አልጋው ላይ አንድ ብቻ፣ ሸራ የሚያህል ሰፊ ብርድ ልብስ ተዘርግቷል።

«በስልክ ከእህቴ ጋር የምንማከረው ይሄንኑ ነበር። ድንበሩን አልሻገርም ካልክ አፈርሰዋለሁ አልኩ።»

«ቅባቱስ?»

«ሊደርቅሽ ስለሚችል ተጠቀሚበት፣ አትቸኩሉ፣ ካመመሽ አቁሙ ብላኛለች ሐኪሟ። ለመሆኑ ግማሹን ምን በላው?»

«መፍቻዬ።»

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጋረጃ ዘጋን። መሐል ላይ «ቆይ» አለች፤ ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ። ቆይታ ደግሞ «አንተ፣ እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ?» አለችኝ። ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። የተፈታ ስፌት የለም።

ብርድ ልብሱን ግን ጠቅልላ የራሷ አደረገችው። ይኸው ወር ሙሉ እግሬ ውጭ ነው የሚያድረው። ትናንት ኢንገርሊሴ መንገድ ላይ አስቁማኝ «ያ ብርድ ልብስህ እስካሁን የሚገዛው አጣ፤ ልመልስልህ?» አለችኝ።

«የምን ብርድ ልብስ?» አልኳት። «በሕይወቴ አይቼውም አላውቅ።»