አይሸጥም

አባታችን ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ያለውን ቤት ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ለሉቅማን ትቶልን ሞተ። የፊተኛዋ ክፍል ልብስ መስፊያዬ ናት፤ ሃያ ዓመት እንጀራዬን የበላሁት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። ሉቅማን ደግሞ ታይዋን ገበያ ሱሪ ይሸጣል። የዕቃ ማስቀመጫ ቢያጣ ጊዜ "ቤቱን ሸጠን እንካፈል" የሚል ዘፈን ጀመረ።

"አባዮ፣ እህቴ፣ እሺ በይኝ በቃ።"

"አቦ ተወኝ! እኔ ፋዱማ ከዚህ ከወጣሁ ማን ፈልጎ ያገኘኛል? ወላሂ አልሸጥም!"

አንድ ጠዋት ገዲ የሚባል ደላላ ይዞብኝ መጣ። ሰውየው ግድግዳዬን በጣቱ ያንኳኳል። ደሜ ፈላ። እንደወጡ ቀይ ቀለም ገዛሁና የውጭው በር ላይ በትልልቅ ፊደል "ይህ ቤት አይሸጥም" ብዬ ጻፍኩበት። እፎይ አልኩ።

ምን እፎይ! በነጋታው ሦስት ደላላ፣ በማግስቱ አምስት። የደቻቱን ወንዝ ተሻግረው የመጡም ነበሩ። አንዱን ያዝኩት።

"ማንበብ አትችልም እንዴ?"

"አንብቤ እኮ ነው የመጣሁት" አለኝ። "'አይሸጥም' የሚጻፈው የተጣሉ ወራሾች ቤት ላይ ነው። የተጣላ ሰው ደግሞ በዋጋ አይከራከርም።"

ለካ ደላላውን ሁሉ የጠራሁት እኔው ነኝ!

አርብ ከጁምዓ በኋላ ገዲ ገዢ አመጣ፤ ሉቅማንም አብሯቸው ነበር። ገዢው ክፍሌን በቅጡ እንኳ ሳያይ ወደ ገዲ ጠጋ ብሎ በሶማሊኛ አንሾካሾከ፦ "እህትና ወንድሙ በደንብ እስኪባሉ እንጠብቅ። ያኔ በሩብ ዋጋ ይለቁታል።"

የድሬ ልጅ ሶማሊኛ የማይሰማ መስሎት! እንግዳ መሆኑ ያስታውቃል።

ሉቅማን ፊቱ ተለዋወጠ። "ማን ነው የተባላው? ደቻቱ ሲሞላ በጀርባዋ አዝላ ያወጣችኝ እሷ ናት! ሂድ አቦ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት አትልቀም!"

አስወጣቸውና የተረፈውን ቀለም አንስቶ ከእኔ ጽሑፍ ሥር "አልተጣላንምም" ብሎ ጨመረበት። አንዷ "ም" ትርፍ ናት። አላረምኩትም፤ በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ክፍሏን በመጋረጃ ከፈልናት፤ ወዲያ የእሱ ሱሪ፣ ወዲህ የእኔ መስፊያ። የታይዋን ሱሪ ደግሞ ለሁሉም ሰው ይረዝማል። እሱ ይሸጣል፣ እኔ አሳጥራለሁ።

ደላሎቹ ግን አልቀሩም። ገዲ "'አልተጣላንም' ብለው በር ላይ ከጻፉማ በጣም ተጣልተዋል" እያለ ያስወራል አሉ። ያስወራ። ሉቅማን "ግቡ፣ ግቡ" እያለ ይቀበላቸዋል፤ እኔ ሜትሬን አንገቴ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። እስካሁን ሱሪ ሳይገዛ የወጣ ደላላ የለም።