ሰምቻለሁ በይኝ

ማስተዋል አዋላጅ ነርስ ናት። ሞጣ ውስጥ በምትሠራበት ማዋለጃ ክፍል ሦስት እናቶች ባንድ ጊዜ ምጥ ቢይዛቸው እንኳ አትደናገጥም፤ የማን ደም ግፊት ስንት እንደነበረ፣ ለማን መቼ መርፌ እንደተሰጠ መዝገብ ሳታይ ትናገራለች። ቤቷ ስትገባ ግን ሌላ ሰው ናት። ልብስ ልታጥብ ትነሳና ሳሙና ፍለጋ ጓዳ ትገባለች፤ ጓዳ ውስጥ ያልተላጠ ሽንኩርት ታያለች፤ ሽንኩርቱን መላጥ ትጀምርና ቢላዋው ደነዘ ብላ ሞረድ ልትዋስ ጎረቤቷ ፍሬ ዘንድ ትሄዳለች፤ ከፍሬ ጋር ወሬ ሲይዛቸው ቧንቧው ባልዲውን ሞልቶ ግቢውን ያጥበዋል።

ባሏ ይታገስ የፊዚክስ መምህር ነው። ከኋላ ከኋላዋ እየተከተለ ቧንቧ ይዘጋል፣ ምድጃ ያጠፋል፣ ስልኳን ከዱቄት ዕቃ ውስጥ ያወጣል። አንድ ቀን ዱቄቱን ከስልኩ ላይ እያራገፈ፣

«ለመሆኑ ማስተዋል ብሎ ስም ያወጣልሽ ማን ነው?» አላት።

«አባቴ ነዋ። ተመኝቶልኝ ነበር፤ ምን ያድርግ!»

ያን ቀን ሲስቁ አመሹ። እሷ ግን ሁልጊዜ አትስቅም ነበር። ፍሬ ልጇን አዝላ፣ ሁለት ድስት ጥዳ፣ በስልክ እያወራች ቤት ስትጠርግ ባየች ቁጥር «እኔ ምን ጎደለኝ?» ትላለች በሆዷ።

ታኅሣሥ በገባ በሳምንቱ ይታገስ ስልክ ሲያወራ ቆየና፣ «እማዬ ልትመጣ ነው፤ ሁለት ሳምንት ትቀመጣለች» አላት።

ማስተዋል ወዲያው ዞር ብላ ጓዳዋን አየች። እናቱ ወይዘሮ በዛብሽ ብቸና ውስጥ በባለሙያነት ስማቸው የሚጠራ ሴት ናቸው። የዛሬ ሁለት ዓመት በማስተዋልና በይታገስ ሠርግ ጊዜ አምስት ድስት ባንዴ ጥደው፣ ለካህናቱ ለብቻ፣ ለዘመዱ ለብቻ እያስቀረቡ፣ አንዱም ሳያርርባቸው ድግሱን ሲወጡት በዓይኗ አይታለች።

የሚመጡበት ቀን ቅዳሜ ነበር። ይታገስ ለተማሪዎቹ ማጠናከሪያ ሊያስተምር በጠዋት ወጣ። እማማ ከሰዓት በኋላ ነው የሚደርሱት ተብሏል። ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከጠፋ ከአምስት ቀን በኋላ፣ ውሃ መጣ፤ መብራትም አልጠፋም። ማስተዋል ከደስታዋ ብዛት ሁሉንም ባንዴ ጀመረችው። በርሜሉን ከቧንቧው ሥር ደቀነች፤ ምስሩን ጣደች፤ አንሶላውን ዘፈዘፈች፤ ሳሎኑን እስከ ግማሽ ጠረገች። ከዚያ መጋረጃው ጫፉ እንደተተረተረ አየች። መርፌ ፍለጋ ሳጥን ከፍታ ስታተራምስ የሠርጋቸውን ፎቶ አገኘች፤ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ማየት ጀመረች።

«ቤቶች! ሰው የለም?»

ብድግ ብላ ወጣች። ወይዘሮ በዛብሽ ቀድመው ደርሰዋል። ነጠላቸውን ሰብስበው ደጃፉ ላይ ቆመዋል፤ ጫማቸው ውሃ ውስጥ ገብቷል። ከጓዳው የምስሩ ጭስ እየተንቦለቦለ ይወጣል።

«እማማ! ውይ፣ ይቅርታ፣ እኔ እኮ…»

«መጀመሪያ ቧንቧውን ዝጊ» አሉ ረጋ ብለው። «ከዚያ ምስሩን አውጪ። ከዚያ እንሳሳማለን።»

ማታ ይታገስ እናቱን አቅፎ ሲያበቃ፣ «ዘንቢልሽ የት አለ?» ሲላቸው፣ «ግንደወይን ላይ መኪና ስቀይር ሳያወርዱልኝ ቀሩ፤ የዛሬ ሰው ምን ሰው ነው» ብለው አለፉት።

በማግስቱም በሠልስቱም ወይዘሮ በዛብሽ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ጥጥ ሲፈትሉ ይውላሉ እንጂ ጓዳ አይገቡም። ማስተዋል፣ «እማማ፣ ሽሮውን እንዴት ላድርገው?» ስትላቸው፣ «እንደለመድሽው አድርጊው ልጄ» ይሏታል። እሷም በልቧ ያዘችው።

«ጓዳዬን ተጸየፉት» አለችው ለባሏ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እማዬ እንዲህ አልነበረችም እኮ» አለ ይታገስ ግራ ገብቶት።

ሐሙስ ዕለት ማስተዋል የምሳ ዕቃዋን ረስታ ነበርና እኩለ ቀን ላይ ወደ ቤት ተመለሰች። ደጃፉ ላይ ማንም የለም። ያረረ ነገር ሽታ አፍንጫዋን ሲመታት ምድጃውን ሮጣ አየች፤ ጠፍቷል። በጓሮ ዞረች። ወይዘሮ በዛብሽ ቁጢጥ ብለው አንድ ድስት በአመድና በአሸዋ ይፈትጋሉ፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጠቁሯል። ሲያዩዋት ነጠላቸውን ድስቱ ላይ ጣል አደረጉበት።

«እማማ፣ ምን ሆነዋል?»

«ምንም። ድስቷ ትንሽ ይዛ ነው።»

ማስተዋል ጎንበስ ብላ ነጠላውን ገለጥ አደረገችው። ውስጡ የተጣበቀው ድንች ከሰል ሆኗል። ወይዘሮ በዛብሽ አንገታቸውን ደፉ።

«ስትመጪ የሞቀ ነገር ላቆይሽ ብዬ ነበር» አሉ። «ብቸና ላይ ሦስት ድስት አቃጥያለሁ። በቀደም ደግሞ ጎረቤቴ ወለተ ሥላሴ ጭሱን አይታ በሬን ገፍታ ገባች። እኔ እቴ በጓሮ ጎመን እቀነጥሳለሁ፤ እሳት ላይ ምን እንደጣድሁ ከልቤ ጠፍቷል። ዘንቢሉንም ማንም አላስቀረብኝ፤ ረስቼው ነው የወረድሁት። ጓዳሽን ያልነካሁት ቤትሽን እንዳላቃጥልብሽ ነው። አደራሽን፣ ለልጄ አትንገሪብኝ።»

ማስተዋል እጃቸውን ይዛ አስነሳቻቸው፤ መኝታ ቤት አስገባቻቸው፤ ተንበርክካ ከአልጋው ሥር አንድ ካርቶን ጎትታ አወጣች። ውስጡ ቂጣቸው የጠቆረ አራት ድስቶች አሉ።

«ይታገስ አያውቅም» አለች። «እሱ የሚያውቀው ያዳናቸውን ብቻ ነው።»

ወይዘሮ በዛብሽ አንዱን አነሱ፣ ሌላውን አነሱ። ትልቁን ሲያገላብጡ ቆዩና ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ይችን… ይችን እኔ አይደለሁም የሰጠሁሽ?»

«አዎ እማማ።»

«ከደብረ ማርቆስ ድረስ አስመጥቼ!»

«አዎ እማማ።»

መጀመሪያ የሳቁት ወይዘሮ በዛብሽ ናቸው። ሳቁ ሆዳቸውን ይዞ መሬት አስቀመጣቸው፤ ማስተዋልም አጠገባቸው ቁጭ አለች። ሳቁ ወደ እንባ ሲዞር ነጠላቸውን ለሁለት ተካፍለው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ከዚያ ማስተዋል እንደ ነርስ ጠየቀቻቸው፤ መቼ እንደጀመራቸው፣ እንቅልፍ እንዴት እንደሆነ፣ ምን ምን እንደሚበሉ።

«ከሰኔ ወዲህ ነው» አሉ። «ለአንድ ሰው ደግሞ ምን ይበሰላል? ያገኘሁትን ቀማምሼ እተኛለሁ።»

«የእኔ ከልጅነቴ ነው፤ የእርስዎ አዲስ ነው። አዲስ ነገር ሐኪም ያየዋል።»

በማግስቱ ይዛቸው ሄደች። ሐኪሙ ደማቸውን አስመረመረ፣ ትውስታቸውን ለመፈተን ቀኑን ወሩን ጠየቃቸው፣ ሥዕል አሳይቶ እሱኑ አስመስለው እንዲስሉ አደረጋቸው። ደም ማነስ አገኘባቸው፤ መድኃኒት አዘዘና የሚሻሻል ነገር እንዳለ፣ አንዳንዱ ግን የዕድሜ ሊሆን እንደሚችል ነግሮ ከሦስት ወር በኋላ እንዲመለሱ ቀጠራቸው። ወይዘሮ በዛብሽ የፈሩትን የመርሳት በሽታ ስም ስላልጠራባቸው ብቻ ትከሻቸው ቀለለ።

በመንገድ ላይ ማስተዋል ስታስብ መጣችና ቤት ሲደርሱ ተናገረች።

«እማማ፣ እኛ ክፍል መድኃኒት ስንሰጥ በሆዳችን አንይዝም። ጮክ ብለን እንናገራለን፤ ሌላዋ ‹ሰምቻለሁ› ብላ ትደግመዋለች። እኔ እዚያ የማልረሳው ጎበዝ ሆኜ ሳይሆን ብቻዬን ስላልሆንሁ ይመስለኛል።»

«እና?»

«እና እዚህም እንጩሃ!»

ወይዘሮ በዛብሽ፣ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይላሉ አባቶች» አሉ። «ባራት እግር ስለመውጣት ግን ያሉት ነገር የለም። እንሞክረው።»

የዚያን ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይታገስ የፈተና ወረቀት ታቅፎ ወደ ቤቱ ሲቃረብ ከግቢው የሴቶች ጩኸት ሰማ። ፍሬ ልጇን እንዳዘለች በሩ ላይ ቆማለች።

«መምህር፣ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እንዲህ ናቸው። ልገላግል ብዬ ፈራሁ» አለችው።

ይታገስ ወረቀቱን ለፍሬ አሸክሞ እየሮጠ ገባ። እናቱ ምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሚስቱ ቧንቧው ሥር ናት።

«ውሃ ከፈትሁ!»

«ውሃ ተከፍቷል፤ ሰምቻለሁ! ሽሮ ጣድሁ!»

«ሽሮ ተጥዷል፤ ሰምቻለሁ!»

«ምንድን ነው? ተጣላችሁ?» አለ እያለከለከ።

«አንተ ልጅ ዝም በል፤ ታሳስተናለህ!» አሉት እናቱ።

እራት ቀረበ። ሽሮው ግሩም ነበር። ጎመኑን ግን ሁለቱም ጨው ስለጨመሩበት ማንም ሊቀምሰው አልቻለም፤ ጨው ሳይናገሩ የሚጨመር ነገር መስሏቸው ነበር። ይታገስ ውሃ እየደጋገመ ሲጠጣ ወይዘሮ በዛብሽ እጃቸውን ከመሶቡ መለሱ።

«ይታገስ፣ ልቤ እየከዳኝ ነው» አሉ። ስለ ድስቶቹም፣ ስለ ዘንቢሉም፣ ስለ ሐኪሙም ምንም ሳያስቀሩ ነገሩት። ማስተዋል አንዲት ቃል አልጨመረችላቸውም።

ይታገስ የውሃውን ብርጭቆ አስቀመጠ። «መቼ ልትነግሪኝ ነበር እማዬ?»

«ድስት ሲያልቅብኝ።»

ተነሥቶ አጠገባቸው ተቀመጠና ጭንቅላቱን እንደ ልጅነቱ ትከሻቸው ላይ ጣለ። እሳቸውም ጸጉሩን እየዳበሱ፣ «ሚስትህ ይዛኛለች፤ አትፍራ» አሉት።

ሁለቱ ሳምንት አለፈ፤ መሄጃን ያነሣ ሰው አልነበረም። ጥምቀት እንዳለፈ ይታገስ ብቸና ሄደ፤ ቤቱን ለወለተ ሥላሴ አደራ ሰጠና የእናቱን ልብስና ምንጣፍ፣ ሁለት ዶሮዎችንም ጨምሮ በሚኒባስ ጭኖ መጣ። ወይዘሮ በዛብሽ ጓዙን ሲያዩ አልተደሰቱም።

«ይሄን አሮጌ ጋቢ ምን ብለህ አመጣኸው? ነጩን ትተህ! ወንድ ልጅ ተልኮ መች ይሆናል!» እያሉ እስኪመሽ አጉረመረሙ።

ማስተዋል «ልክ ነዎት እማማ» እያለች አጠገባቸው ተቀምጣ ልብሳቸውን አንድ በአንድ አጠፈችላቸው፤ ስልኳ ሁለት ጊዜ ቢጠራም የመጨረሻውን ነጠላ ሳጥን ውስጥ ሳታስገባ አልተነሣችም።