የመላጫ ውሃ

1.

«ጠጣኸው?»

«ጠጣሁት ጌታዬ።»

«የመላጫውን?»

«ሌላ ውሃ የት አለና ጌታዬ!»

የሚጠይቀው የብርጌዱ አዛዥ ኮሎኔል ምንዋጋው ነው፤ የሚመልሰው መቶ አለቃ ነገዎ። አጠገባቸው ቆሞ የሚጽፈው ደግሞ የነገዎ የቅርብ አለቃ፣ ሻምበል ደምመላሽ። እርር ድብን ብሏል።

2. ትእዛዝ

ነገ ከአዲስ አበባ ጎብኚ ስለሚመጣ መኮንኖች በሙሉ ፂማቸውን ተላጭተው ይጠብቁ። ለመላጫ ለእያንዳንዳቸው አንድ ጣሳ ውሃ ተመድቧል። ለመጠጥ፦ ቦቴው እስኪመጣ በትዕግሥት ይጠበቅ።

3.

በትዕግሥት!

ቦቴው ከቀረ ሦስት ቀኑ ነው፣ አንባቢ ሆይ። የሰው ምላስ ላንቃው ላይ ተጣብቋል። ፀሐዩ ድንጋይ ያቃጥላል፤ ጠላት ከፊት ለፊት ይተኩሳል። አለቆቹ ግን ፂም ይላሉ።

ፂም።

4. የክስ ቅጽ

ስም፦ መቶ አለቃ ነገዎ ዲንቃ
ጥፋት፦ የመንግሥትን ውሃ ያለ አግባብ መጠጣት
ቅጣት፦ ማዕረጉ ተገፎ ወደ ፈንጂ ጠራጊ ቡድን
የቅርብ አለቃ ፊርማ፦

ከዚያ ቡድን በሕይወት የተመለሰ ሰው ደምመላሽ አያውቅም።

5.

«ፈርም እንጂ ሻምበል! ምን ያዘህ?»

«ጥሙ ነው ጌታዬ።»

ውሸቱን ነው። ንዴት ነው። ባለፈው ወር በአንድ ምስኪን ላይ እንዲሁ ፈርም ተብሎ ፈርሟል። ፈርሞም ሄዶ እራቱን በላ። ከዚያ ወዲህ ራሱን ማየት አስጠልቶታል።

6. ስለ አጻጻፉ

እዚህ ላይ ሻምበሉ ብዕሩን ኮሎኔሉ ፊት ላይ እንዲወረውር ፈልጌ ነበር። እምቢ አለኝ። ሦስት ልጆች አሉት። ፈራ፣ በጣም ፈራ። ግን የራሱን ጣሳ አነሳ። ገና አልተላጨም።

7.

ግጥም አደረገው።

ከዚያ በክሱ ቅጽ ላይ፣ ከነገዎ ስም ሥር፣ የራሱን ስም ጻፈ።

8.

ኮሎኔሉ በንዴት ጦፈ። መኮንኖቹን በሙሉ አስጠራ። የቀሩት አሥራ አንዱም ፂማቸው እንዳደገ፣ ጣሳቸውን ከነውሃው እንደያዙ ተሰለፉ።

«ሌላ የሚጠጣ ጀግና ካለ ይጠጣ!» ሲል ጮኸ። «ስሙንም ራሱ ይጻፍ! ሁላችሁንም ፈንጂ ላይ እነዳችኋለሁ!»

«ተዉ፣ በእናታችሁ!» አለ ነገዎ።

ደምመላሽ ብዕሩን ወደ ሰልፉ ዘረጋ።

9.

ስም፦ ነገዎ ዲንቃ

ስም፦ ደምመላሽ አስረስ

ስም፦