አተር የምታህል ጥይት

ቅጹ ላይ አሥራ አራት መስመሮች ነበሩ። ሲራክ አሥራ ሦስቱን ሞልቶ አሥራ አራተኛው ላይ ቆመ። «የጦር መሣሪያው የተፈለገበት ምክንያት» ይላል። ከጎኑ የተተወው ባዶ ቦታ ከአንድ ጣት አይረዝምም። ሰው መግደያ የሚፈልግበትን ምክንያት ይህችን በምታህል ቦታ ጽፎ ይጨርሳል ብሎ ያሰበው ማን ይሆን?

«ጨረስክ?» አለችው ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠችው ልጅ። አንገቷ ላይ የተንጠለጠለው ባጅ ማርቲ ይላታል።

«እዚህ ላይ ምን ልጻፍ?»

«ሁሉም ሰው ራስን ለመከላከል ነው የሚለው። እንደሱ በልና ፈርም።»

«ልከላከልባት እንደምችል ግን ገና አላወቅኩም።»

ማርቲ ቀና ብላ አየችው። ከኋላው የተሰለፉት ሰዎች ማጉረምረም ጀምረዋል።

«ወንድሜ፣ ሽጉጡ የአባትህ ነው። አባትህ ካረፉ ዓመት አለፋቸው። ወይ በስምህ ታዞረዋለህ፣ ወይ ታስረክባለህ። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሽጉጡን ይዘህ ና፤ ከዚያ ወይ ቅጹን ትሰጠኛለህ ወይ ሽጉጡን። ቀጣይ!»

ሲራክ ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተና ከመሣሪያ ምዝገባው ቢሮ ወጣ። ሰማዩ በፉሪ ተራራ በኩል ጠቁሯል።

ሲራክ መካኒሳ አቦ ከቤተክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ባለች አንድ ክፍል ሱቅ ውስጥ ቁልፍ ይቀርጻል። ዛሬ ሱቁን አልከፈተም። በሩ ላይ ግን ጋሽ ከበበው እንደ ወትሯቸው በርጩማቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀምጠዋል። ጡረታ የወጡ አስር አለቃ ናቸው፤ አሁን የጎረቤቱን ፎቅ ይጠብቃሉ። ከዱላ በቀር የያዙት ነገር የለም። ሲራክ ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለች ጥይት አውጥቶ ሰጣቸው።

ጋሽ ከበበው መዳፋቸው ላይ አንከባለሏት። ቀጭን ናት፤ እርሳሷ አንድ የአተር ፍሬ ብታህል ነው።

«አባትህ የያዙት ይቺን ነበር? ይቺማ ለጅግራ ነች!»

«ሰው አታቆምም?»

«ስማ ልጄ። ትልቁ ጥይት ሰውዬውን ይጥለዋል። ይቺ ትገባለች እንጂ አትጥልም። መመታቱን ሳያውቀው መጥቶ አንተን አንቆ ይገድልሃል። እሱ ደግሞ በማግስቱ ሆስፒታል ይሞታል። ሁለታችሁም ሟች ናችሁ፤ በተራ በተራ።» በራሳቸው ቀልድ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

«እንግዲያው ላስረክባት?»

«እሱን አላልኩም! ሌባ ድምፅ ይፈራል። ጧ ካለች ማን ቆሞ ጥይቷን ይለካል? አባትህ ተኩሰዋት ያውቃሉ?»

«አንድም ቀን።»

«እንግዲህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳትተኮስ ጠብቃቸዋለች።» ጥይቷን መለሱለት። ከዚያ ፊታቸው ጨለም አለ። «ወይም ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመጣባቸው ሰው አልነበረም። እኔ ምን አውቄ።»

ወደ ቤት ሲመለስ በታክሲው መስኮት ወደ ውጭ እያየ ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ሁለቱም እውነት ይመስላሉ፤ አብረው ግን ሊቆሙ አልቻሉም። ቤታቸው ከተዘረፈ ወዲህ፣ ላለፉት ሦስት ሳምንታት፣ ይህንኑ ነገር በሐሳቡ ሺህ ጊዜ አይቶታል። በሐሳቡ ሌባው ሁልጊዜ እግቢው መሐል ላይ ይቆማል። ሲራክ በረንዳው ላይ ሆኖ «ቁም!» ይላል፤ ሌባው ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚሆን አይቶት አያውቅም። ሐሳቡ እዚያ ሲደርስ እንደተቃጠለ አምፖል ድርግም ይላል።

እውነተኛው ሌባ ግን «ቁም» የሚለው ሰው አላጋጠመውም። በጠራራ ፀሐይ፣ እናቱ ወይዘሮ ተሾመች ብቻቸውን ሳሉ ነበር የመጣው። ሲራክ የግቢው በር ላይ በገዛ እጁ ሦስት ቁልፍ ገጥሞ ነበር። ሌባው ወደ በሩ ዞርም አላለ። ከቆርቆሮው አጥር ሥር ባለችው የውሃ መውረጃ ቀዳዳ ተሽሎክልኮ ገባ፤ ስልክና ቴሌቪዥን ይዞ ሊወጣ ሲል እናቱን ገፈተራቸው። የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ወጌሻው በቀርከሃ አሰረላቸው። የሰፈሩ ሰው አዝኖ ሲያበቃ ደግሞ መቀለዱ አልቀረም፤ «የቁልፍ ቀራጩን ቤት በቦይ ገቡበት» አለ። ሲራክ በዚያው እሑድ ቀዳዳዋን በድንጋይና በሲሚንቶ ደፈናት።

እነሲራክ በሚኖሩበት መንደር የውሃ ቀዳዳ አይደፈንም። ቤቶቹ የተሠሩት የኦቦ ዱጉማ የጤፍ ማሳ በነበረው መሬት ላይ ነው። ሽማግሌው ዛሬም አራት ላሞቻቸውን ይዘው ጥጉ ላይ ይኖራሉ። ውሃው የሚሄደው አጥር ሳይኖር በፊት በሚሄድበት መንገድ ነው፤ መንገዱን ደግሞ አርሰው የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ዝናብ ሲመጣ እቤቱ የተገኘ ሰው ዶማ ይዞ ይወጣና የራሱንም የጎረቤቱንም ቀዳዳ እየጠረገ ይወርዳል። ማንም ማንንም አያስፈቅድም። ሲራክ ይህን የሚያውቀው ከልጅነቱ ጀምሮ ነው። ሲሚንቶውን ሲያቦካ ግን ወሩ ገና ግንቦት ነበር፤ የታየው የሌባው ጭንቅላት ብቻ ነበር።

እቤት ሲደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። ወይዘሮ ተሾመች አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ የታሰረው እጃቸው ጭናቸው ላይ አርፏል።

«ልትወስዳት ነው?» አሉት።

«ጠዋት ከቤት አውጣልኝ ብለሽኝ አልነበር፣ እማ?»

«ብያለሁ። አባትህ እያለ እሷ ሣጥን ውስጥ መኖሯን እያወቅኩ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ።» የእጃቸውን ማሰሪያ አስተካከሉ። «የእሷ መኖር ይሁን የእሱ መኖር ግን እንጃ።»

ሲራክ ከሣጥኑ ጨርቁን አውጥቶ ፈታው። ሽጉጧ ባለ ስድስት ጎራሽ ነች፤ መዳፉን እንኳ በወጉ አትሞላም። በኪሱ የነበረችውን ጥይት ቦታዋ መለሳት። በዚህ ጊዜ ቤቱ በአንዴ ጨለመ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ጠጠር የጣሪያውን ቆርቆሮ መታው፤ ከዚያ በረዶው እንዳለ ተዘረገፈ። እናቱ አንድ ነገር አሉ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየ እንጂ ድምፃቸውን አልሰማም።

ሽጉጧን እንደያዘ በረንዳው ላይ ወጥቶ ነጭ የሆነውን ግቢ ሲያይ ነው አጥሩ የተንቀጠቀጠው።

አንድ ጊዜ። ደግሞ አንድ ጊዜ። ምቱ ከሥር ነው፤ ልክ ቀዳዳዋ ከነበረችበት ቦታ። ሲሚንቶው ፍርክስ አለ። የቆርቆሮው ጫፍ ወደ ውስጥ ተቀለበሰና የብረት ስለት ብቅ ብሎ ተመለሰ።

«ቁም!» አለ ሲራክ።

ራሱም አልሰማውም። ሐሳቡ ውስጥ ይህ ቃል ሲወጣ ዓለም ጸጥ ይል ነበር። ብረቱ ደግሞ ብቅ አለ፤ ቀጥሎ በጭቃ የተለወሰ እጅ ገባና ድንጋዩን ጨበጠ። ሲራክ ክንዱን ዘረጋ። ለማስፈራራት ብቻ ነው፣ ድምፁን ብቻ ነው የምፈልገው፣ ብሎ እንዳሰበ ኋላ ትዝ ይለዋል። ወደ ሰማይ ለምን እንዳላነጣጠረ ግን ትዝ አይለውም። ጣቱ ቃታውን ሳበ።

ያ ሁሉ ሲወራለት የኖረው ድምፅ በረዶው ውስጥ ከወደቀ ብርጭቆ አልበለጠም። እጁ ላይ ትንሽ ንዝረት ተሰማው፤ በቃ። አጥሩ ላይ በሰው ደረት ትክክል አንዲት ክብ የብርሃን ነጥብ በራች። ሲራክ አያት። ለጅግራ ናት የተባለችው ጥይት ቆርቆሮውን እንደ ወረቀት በስታው አልፋለች።

ምቱ ቆመ።

እጁ ድንጋዩ ላይ እንዳለ ነው፤ አይንቀሳቀስም። ሲራክ ሽጉጧን ወገቡ ላይ ሻጥ አድርጎ ሸሚዙን ጣለባትና ሮጠ። ሦስቱን ቁልፎች በየተራ ሲከፍት እጁ የሌላ ሰው እጅ ሆነበት። ቁልፍ መቅረጽ እንጂ መክፈት የማያውቅ ይመስል ሁለት ጊዜ ተሳሳተ።

ኦቦ ዱጉማ ከአጥሩ ሥር በጉልበታቸው ተንበርክከው ጎርፉ ውስጥ ናቸው። ጀርባቸው ላይ የማዳበሪያ ላስቲክ ጥለዋል። ጉንጫቸውን ቆርቆሮው ላይ ለጥፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ድንጋዩን ይታገላሉ። ጎርፉ የጎረቤቱን ደረጃ ዘልቋል።

«ያ ሲራክ! እቤት ነህ እንዴ?» ብለው ጮሁበት። «ስጠራ፣ ስጠራ! የሞትክ መሰለኝ እኮ! ማነው ይሄን የደፈነው?»

«እኔ ነኝ፣ ኦቦ ዱጉማ።»

«ጉድ! ውሃ በምን ይሂድልህ? በቁልፍ? ምን ቆመህ ታየኛለህ፣ ያዝ ከዚህ!»

ጎንበስ ብሎ ያዘ። አንድ ላይ ሳቡ፤ ድንጋዩ ተነቀለና ጎርፉ ወደ ግቢው ገብቶ በታችኛው አጥር ሥር ባለችው ጠባብ ቀዳዳ በኩል መውረድ ጀመረ። ሽማግሌው ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ። ሲራክ ደረታቸውን ተመለከተ፤ ቀጥሎ ሆዳቸውን፣ አንገታቸውን፣ እጃቸውን። ከጭቃ በቀር ምንም አልነበረም።

«ምን ትፈልጋለህ?»

«ምንም። አልተጎዱም?»

«ጨቅላ ልጅ ነኝ እንዴ በጭቃ የምጎዳው?»

ውሃው በትክክል መውረዱን ለማረጋገጥ ወደ ግቢው ገቡ። በረዶው ወደ ዝናብ፣ ዝናቡም ወደ ካፊያ ተለውጧል። ወይዘሮ ተሾመች በሩ ላይ ቆመው በግራ እጃቸው ነጠላቸውን ሰብስበዋል።

«አንዱ በረዶ ከሌሎቹ በልጦ ጮኸ» አሉ፤ ለማን እንደሆነ አልታወቀም። «ሲራክ፣ ዘጠኝ ሊሞላ ነው። አትሄድም?»

ሲራክ እጁን ኪሱ ከተተ። ቅጹ ርሶ ላሽቋል፤ ቀለሙ ጣቱ ላይ ወጣ። ሸሚዙ ሥር ሽጉጧ ቀዝቅዛ ጎኑ ላይ ተለጥፋለች። ጋሽ ከበበው ምን ይሉ ነበር? ሌባ ቢሆን ኖሮ ድምፁን አይሰማም ነበር። ሌባ ቢሆንና ቢቆም ኖሮ ደግሞ… ሽማግሌው ጎንበስ ባይሉ ኖሮ… ሐሳቡን ከየት ጀምሮ የት እንደሚያደርሰው ጠፋበት። ነገ ሌላ እጅ ቢገባስ? ቀዳዳዋ እንደሆነ ተከፍታለች።

ኦቦ ዱጉማ አጥሩ ፊት ቆመዋል።

«ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?» አሉ፤ በጭቃማ ጣታቸው ብርሃኗን ነኩ። የትንሿ ጣታቸው ጫፍ እንኳ አልገባም። «ሚስማር ነው የበሳት» ብለው ራሳቸው መለሱ። ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብለው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በሌላው ወደ ውጭ አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ።

«ጥሩ እየወረደ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ይቺን እንኳ አትድፈናት፣ ልጄ። ማን እንደመጣ ታይባታለህ። ና፣ እይማ።»

ቦታውን ለቀቁለት። ሲራክ በእርጥብ እግሩ ቀስ ብሎ ሄደ፤ እሳቸው ዝቅ እንዳሉት ዝቅ አለ፤ ዓይኑን አስጠጋ። ቆርቆሮው ግንባሩን አቀዘቀዘው። ከማዶ፣ ሽማግሌው ተንበርክከው በነበሩበት ቦታ፣ ዶማው ጎርፉ ውስጥ ብቻውን ቆሟል፤ ውሃው እጀታው ጋ ሲደርስ ለሁለት ይከፈልና እንደገና ተገናኝቶ ይወርዳል።